እንስራው ጠፋ፣ ስድቡ ግን አልጠፋም

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት የገጠር ገበያዎች በአንዱ የሸክላ ተራን የሚፈልግ ሰው ብዙ መጠየቅ አያሻውም። ከእህሉ፣ ከቅቤውና ከበርበሬው እየራቀ ወደ ዳር ይሂድ። ጥላው ካበቃበት ሲደርስ ጀበና፣ ድስትና ምጣድ መሬት ላይ ተደርድሮ፣ ከኋላውም ነጠላቸውን ለፀሐይ የተከናነቡ ሴቶች ተቀምጠው ያገኛል። ቦታውን የመደበላቸው ሹም የለም፤ የተጻፈ ደንብም የለም። ሆኖም እያንዳንዱ ገበያተኛ ያውቀዋል። ልጅ ያዘለች እናት በዚያ በኩል ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላዋ ጫፍ እንደምትሸፍንም ያውቃል። የእኔም እናት ትሸፍነኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ተራ ከአንዲት አዛውንት ጀበና ስገዛ፣ እንስራ አለመኖሩን አይቼ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። በአገጫቸው ወደ ገበያው መካከል አመለከቱኝ። ቢጫ ጀሪካን ተከምሮ ይሸጣል። «እሱ መጣና እኛ ቀረን፣ ልጄ» አሉኝ። ጥቂት ቆይተውም «አፈሩንም ሰው ያዘው» አሉ። አንባቢ ሆይ፣ «አሉኝ» ብዬ የጻፍሁትን ልብ በልልኝ። በልጅነቴ ሸክላ ሠሪን፣ ፀጉሯ ጥጥ ቢመስልም፣ «አንቺ» ብዬ እንድጠራ ነበር የተማርሁት። ለዚያች ሴት «አንቱ» ለማለት ምላሴን ሳስገድደው ዕድሜዬ ከአርባ አልፎ ነበር።

እኛ ፊደል የቆጠርነው የጎጃም ልጆች ራሳችንን የምናጽናናበት አንድ ተረት አለን። «ዘመን ሲለወጥ፣ ፋብሪካ ሲመጣ የእጅ ሥራው ይቀራል፤ የእጅ ሥራው ሲቀር የባለ እጁም ንቀት አብሮ ይቀራል» እንላለን። እኔም ብዙ ዘመን አምኜው ኖሬያለሁ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ተረቱ ውሸት መሆኑን ስላየሁ ነው። የእጅ ሥራው በእርግጥ እየቀረ ነው። ንቀቱ ግን ሥራው ሲሞት አብሮ አልተቀበረም። እንጀራቸው ሞተ፤ ስማቸው ቀረ።

እስቲ የሞተውን እንቁጠር። ፋቂው ቁርበት አልፍቶ አቁማዳና ስልቻ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ እህሉ የሚጫነው ማዳበሪያ በመጣበት ከረጢት ነው፤ ከረጢቱንም ራሱን «ማዳበሪያ» እያልን እንጠራዋለን። የሸክላ ሠሪዋን እንስራ ጀሪካን፣ ድስቷን አልሙኒየም፣ ጋኗን የፕላስቲክ በርሜል ተካው። የቀሩላት ጀበናና ምጣድ ናቸው፤ መብራት በገባበት ከተማ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለተኛውን እየወሰደባት ነው። ሸማኔው ጋቢና ቡሉኮ ሠርቶ ያለብሰን ነበር፤ ዛሬ ገበሬውም ልጁም የሚለብሱት ልባሽ ጨርቅ ነው፤ የበዓሉ የሐበሻ ልብስ እንኳ በማሽን ታትሞ ከውጭ ይመጣል። ከሁሉም የተሻለ የቆየው ቀጥቃጩ ነው። በሬ እስካለ ማረሻ አይቀርምና ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ማረሻና ማጭድ እያወጣ ወናፉን ያናፋል። እሱም ቢሆን ቀድሞ በመኸር ጊዜ ደንበኞቹ እህል ይሰፍሩለት የነበረው ውል ፈርሶ፣ ብረቱንም ከሰሉንም በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ በዱቤ የሚሠራ ሰው ሆኗል።

«ታዲያ ይህ የዓለም ሕግ አይደለምን? በእንግሊዝ አገርስ የእጅ ሸማኔው በማሽን አልተተካምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተተክቷል፤ ብዙም ተርቧል። ነገር ግን የእንግሊዙ ሸማኔ ልጅ ዳቦ ጋግሮ ቢሸጥ «ዳቦው ይበላኛል» ብሎ የሚሸሸው ገዢ አልነበረም። ጉዳዬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሥራ ያጣ ሰው ሁሉ ሌላ በር ያንኳኳል። የእኛ ባለ እጆች ግን የሚያንኳኩት በር ሁሉ ከውስጥ የተቀረቀረ ነው፤ የቀረቀርነውም እኛ ነን።

የመጀመሪያው በር መሬት ነው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በእኛው ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ወደ አቅኚው አባት የሚደርስ ሐረግ እየተቆጠረ የሚጠየቅ መብት መሆኑን ያሳያል። እንግዲህ ተመልከት፤ መሬት በዘር ቆጠራ በሚገኝበት አገር የአንድን ሰው ዘር ማጉደፍ ማለት መሬቱን መንጠቅ ማለት ነው። «አጥንቱ ጥሩ አይደለም» የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር የሐሜት ቃል ብቻ አልነበረችም፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያህል ነበረች። ቡዳ የተባለ ሰው ርስት ጠያቂ አይሆንም፤ በሰው መሬት ጥግ ጎጆ ቀልሶ ለባለ ርስቱ ማረሻ እየሳለ ይኖራል። «በሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ እኔ አላውቅም። ማንን እንደጠቀመ ግን አውቃለሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ግንብ መታው። መሬት በራሱ ጉልበት ሊያርስ ለሚፈቅድ ሰው ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል ይሰጥ አለ። የባለ እጁ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ «መሬቴ» ማለት የቻለው ያን ጊዜ ነው፤ ደርግን በብዙ ነገር የምንኮንን ሰዎች ይህን አንክድም። ነገር ግን አዋጁን በየቀበሌው የሚያስፈጽሙት የዚያው የቀድሞ ባለ ርስት ልጆች ነበሩ። እኔ በማውቃቸው ቀበሌዎች ለባለ እጆች የደረሳቸው ገደልና ጭንጫ ነው፤ በሬ ደግሞ አዋጁ አልሰጣቸውም። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት እንደገና ሲሸነሸን ጎጃም ውስጥ ትልቁ ጩኸት «ቢሮክራትና የፊውዳል ርዝራዥ» ተብለው መሬታቸው የተቀነሰባቸው ገበሬዎች ጩኸት ነበር፤ የጩኸቱን ምክንያት አላናንቅም። ባለ እጁ ግን ያን ጊዜም ለመጮህ የሚያበቃ ድምፅ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ሰፊ ሽግሽግ ስላልተደረገ ልጆቹ የአባታቸውን ጭንጫ ለአምስት ለስድስት ተካፍለዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የይዞታ ደብተር ሲታደል ደግሞ፣ ከጥንት ጀምሮ የጋራ የነበረው የሸክላ አፈር መቆፈሪያ በአንዳንድ ቦታ በአንድ ሰው ደብተር ውስጥ ገባ፤ ባሕር ዛፍም ተተከለበት። አዛውንቷ «አፈሩንም ሰው ያዘው» ያሉት ይህንን ነው። ዛሬ አፈር በገንዘብ ይገዛሉ።

ሁለተኛው በር ንግድ ነው። በትንንሽ ከተሞቻችን መሬት የሌላት ድኻ ሴት በምን እንደምትኖር ሁላችንም እናውቃለን፤ ጠላ ትጠምቃለች፣ አረቄ ታወጣለች፣ እንጀራ ትጋግራለች። ይህ ለድኻ ሴት የቀረው የመጨረሻ ጉድጓድ ነው። የሸክላ ሠሪ ልጅ ግን እዚህም አትገባም፤ ጠላዋን የሚጠጣላት የለምና። ይህን ግፍ በእርጋታ አስበው። የምንበላውን እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ የሠራችው እሷ ናት፤ ወጡ የተሠራበት ድስት፣ ቡናው የፈላበት ጀበና ከእጇ ወጥቷል። ከምጣዷ ስንበላ አልታመምንም፤ ከሌማቷ ብንበላ እንሞታለን! እንዲህ ያለ ፍልስፍና ተምረን ነው የሊቃውንት አገር ልጆች ነን እያልን የምንኮራው?

ሦስተኛው በር መሰደድ ነው። ብዙዎቹ በዚህ ወጥተዋል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ፣ ለቀን ሥራ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ሄደዋል። የእርሻ ቦታዎቹን መንገድ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት አወከው፤ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ደጅ መጣ። ገበያ በማይቆምበት ሳምንት ገበሬው ከጎተራው ይበላል። ጎተራ የሌላት ሸክላ ሠሪ ምን ትበላለች? በቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ተስፋ ተጥሎበታል፤ እኔም ተስፋውን አልንቅም። ፋብሪካ አጥንት አይጠይቅም። ነገር ግን ሠራተኛው ማታ ወደ ኪራይ ቤቱ ይመለሳል፤ አከራይ ይጠይቃል፣ እድር ይጠይቃል፣ ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ይጠይቃል።

ወደ ሌላው መከራከሪያ ልለፍ። «ድህነቱ የሁላችንም ነው፤ ገበሬውስ መቼ ጠገበ?» ይባላል። እውነት ነው፤ አልጠገበም። ይሁንና የገበሬው ድህነት ዘመድ አለው። በሬው ቢሞት ወንፈል አለው፤ ቢታመም የሚሸከመው ጎረቤት አለው፤ ልጁን ድሮ ዘመድ ያበዛል። የባለ እጁ ድህነት ዘመድ የለሽ ነው። ይባስ ብሎም የሌላው ሰው ችግር ሁሉ በእሱ ይመካኛል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ በተለይም ቆላው፣ ወባ የሚበረታበት አገር ነው። ልጅ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥና ሲቃዥ ጤና ጣቢያ በመውሰድ ፈንታ በጭስ ታጥኖ «የበላህን ተናገር» የተባለበትን ቀን በዓይኔ አይቻለሁ። የታመመው ልጅ የአንዲት ጎረቤት ስም ጠራ። ያች ጎረቤት በሳምንቱ መንደሩን ለቅቃ ሄደች። ልጁ ወባ ነበረበት። ድንጋይ የወረወረ ሰው ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀም።

«ሕግ ይውጣ» እንዳትለኝ፤ ሕጉ ወጥቷል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ፣ ሁላችንም የአዳምና የሔዋን ልጆች መሆናችንን አስታውሰው፣ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውን ሸማኔ እያለ የሚሰድብ ሰው እሳቸውን እንደሰደበ እንደሚቆጠርና አንድ ዓመት እንደሚታሰር አስታውቀው ነበር። ከዚያ አዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰው በትውልዱ ልዩነት ሳይደረግበት በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደንግጓል። በዚህ ሁሉ ዘመን እኔ በማውቀው አገር ሰውን «ቡዳ» ብሎ የታሰረ ሰው አላየሁም፤ ቡዳ ተብሎ አገር የለቀቀ ግን አይቻለሁ።

በሩቅ አገር ያለ ወንድም አንዳንዴ ከራስ በላይ መስታወት ይሆናል። በህንድ አገር ዳሊት የሚባሉት ወገኖች ከእኛ ባለ እጆች ጋር የሚመሳሰል ዕጣ ነበራቸው፤ ቆዳ ፋቂዎች፣ ጽዳት ሠራተኞች፣ ከሰው ጉድጓድ ውኃ እንዳይቀዱ የተከለከሉ ነበሩ። ከእነሱው የተወለደው ዶክተር አምቤድካር የሕገ መንግሥቱን አርቃቂ ኮሚቴ መራ፤ በ1950 እ.ኤ.አ. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 17 «አትንኩኝ» ባይነትን ሻረ። ግፉ በዚያም አላበቃም፤ ገና ብዙ ይቀራል። ነገር ግን ቢያንስ በሕጉ ውስጥ ስም አላቸው፤ ይቆጠራሉ፤ በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሥራ የተያዘላቸው ቦታ አለ። የጎጃም ሸክላ ሠሪ በሕዝብ ቆጠራ «አማራ» ተብላ ትቆጠራለች፤ በገበያው፣ በሠርጉና በማዕዱ ግን ከአማራው ትለያለች። የሚቆጥራት የለም፤ የሚለያት ግን ሞልቷል። «ይህ የደቡብ ጉዳይ ነው፤ የከፋ ማንጆና የጉራጌ ፉጋ ነገር ነው» እያልን ምሁራኑ ስለ ደቡብ የጻፉትን እየጠቀስን እንሸሻለን። የራስን ቤት ጉድፍ በጎረቤት ደጅ መጥረግ ይሉሃል ይህ ነው።

አሁን ወደ እኛ፣ ይህን መሰል ጽሑፍ ወደምንጽፍና ወደምናነብ ሰዎች ልምጣ። እናንተ የቅኔ አገር ልጆች፣ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ከየት አመጣነው? ከአንጥረኛው አይደለምን? አንጥረኛው ጌጡን በሰም ቀርጾ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ሲያፈስ፣ በሰሙ ቦታ ወርቁን ያስገባል። ቅኔያችን የሚኮራበትን ስም ከዚያ ሰው ወናፍ አጠገብ ወስደን፣ ሰውየውን ራሱን ከማዕድ አስነሣነው። «ጠይብ» የምንለው ስድብስ «ጠቢብ» ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር አንድ ሥር ያለው አይደለምን? ጥበብን ስድብ ያደረገ ሕዝብ ለምን ደኸየሁ ብሎ ሲጠይቅ መስማት ያስደንቃል። መምህሩ በዓውደ ምሕረት እግዚአብሔርን በሸክላ ሠሪ የመሰለውን የኤርምያስን ትንቢት ሲተረጉም እናለቅሳለን፤ ዮሴፍ አናጢ፣ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ መሆኑንም እናውቃለን። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግን ሸክላ ሠሪዋን በሩቁ እንዞራታለን።

ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ታሪካቸውን የጀመሩት ከዚሁ ከማንኩሳ ነው። ዘር ቆጥሮ ሰውን ከሰው የሚለይ ትዕቢት ሁለት ወጣቶችን እንዴት እንደሚያጠፋ አሳዩን። ለበዛብህና ለሰብለ ያላነባ አንባቢ አላውቅም። ፊታውራሪ መሸሻን ያልጠላም አላውቅም። ነገር ግን መጽሐፉን ከደን በኋላ፣ የሸማኔ ልጅ ልጃችንን ሲጠይቅ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ማን ይሆናል?

ይህን ስጽፍ ራሴን ከላይ አስቀምጬ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታላቅ ወንድሜ አንዲት መምህርት ወደደ። እናቷ ሸክላ ሠሪ፣ አባቷ ቀጥቃጭ ነበሩ። እሷ ግን ዲፕሎማ ይዛ የምታስተምር፣ እጇ ጭቃ ነክቶ የማያውቅ ሴት ነበረች። አባቷም ቢሆን ወናፉን ከሰቀለ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። «ልጅቱስ ጨዋ ነበረች፤ አጥንቷ ግን…» ብለው ዝም አሉ። ቤተሰቡ ሲመክር፣ የተማርሁት እኔ ስለነበርሁ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወንድሜም ዞረ፤ ዓይኑ አሁንም ይታየኛል። እኔ በቡዳ አላምንም ነበር። አላምንም ልል እችል ነበር። «የእናታችንን ልብ አትስበር» አልሁት። ወንድሜ የእናታችንን ልብ አልሰበረም። መምህርቷ በዚያው ዓመት አገር ለቅቃ ሄደች፤ ተመልሳም አላየናት።

ተረቱ ውሸት መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ለመናገር ግን ይህን ያህል ዓመት ፈጀብኝ። እንስራም ጋንም የሌለበት፣ ወናፍም ጭቃም የማይታይበት ቤት ነበር። ሥራው በዚያ ቤት ሞቶ ነበር። ስሙ ግን በሕይወት ነበረ፤ እኔም በጨዋ ቋንቋ አቆየሁት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለመንግሥት የምለው አጭር ነው። የሸክላ አፈር ያለበት ቦታ እንደ ግጦሽና እንደ ምንጭ ውኃ የጋራ ይሁን፤ ደብተሩም በሠሪዎቹ ማኅበር ስም ይጻፍ። በየገበያው ጥላና መደብ ሲሠራ የሸክላ ተራ ወደ መካከል ይግባ። ብድርና የሙያ ሥልጠና ሲሰጥ ባለ እጁ ከወረፋው መጨረሻ አይሁን። ለካህናትና ለመምህራን የምለው ደግሞ፣ ስለ ቡዳ ዝም ማለት ማረጋገጥ መሆኑን ነው፤ ዓመት ሙሉ ከምታስተምሩት አንዱን ቀን ለዚህ ስጡ፤ ከሁሉ በፊት ግን ከእነሱ ቤት እህል ቅመሱ፤ ሰው የሚያምነው ያየውን ነው።

ለአንባቢዬ የማስቀምጠው ግን ከዚህ ሁሉ የሚከብደውን ነው። አዋጅ ጠላዋን አይጠጣላትም። ፋብሪካ ልጇን አያገባላትም። በሚቀጥለው ጊዜ በቤተሰብ መካከል «አጥንቷ ግን…» ተብሎ ዝም ሲባል፣ ያን ዝምታ የሚሰብር አንድ ሰው ያስፈልጋል። በእኛ ቤት ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ፤ አልሆንሁም። አንተ ሁን፤ አንቺም ሁኚ።

ቸር ይግጠመን።